ጓዳላጃራ ላይ ማታ መውጣት ለእኛ እንዴት ነው?

ባይተዋር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዳላስ ነው የምኖረው። ኦክቶበር ላይ ከፍቅረኛዬ ጋር ሜክሲኮ፣ ጓዳላጃራ ልንሄድ ነው። ሁለታችንም ወንዶች ነን። አንዱ ከተማዋ ወግ አጥባቂ ካቶሊክ ናት፣ ተጠንቀቅ ይለኛል። ሌላው ደግሞ የጌይ ከተማ ናት፣ ምንም አትፍራ ይለኛል። ማታ የት ሰፈር ብንወጣ ይሻላል? እጅ ለእጅ መያያዝስ? ሆቴል አንድ አልጋ ብንጠይቅ ያስቸግሩን ይሆን? እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ቤተሰቦቼ ስለ እኔ አያውቁም። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

የሎስ አንጀለሷ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ ነግረውሃል። ጓዳላጃራ ያለችበት የጃሊስኮ ክልል በ1920ዎቹ ለቤተ ክርስቲያን ብለው መንግሥትን በመሣሪያ የተዋጉት ክሪስቴሮዎች ዋና ምሽግ ነበር። ሃይማኖቱ ዛሬም ጠንካራ ነው። በ2010 የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ካርዲናል ሁዋን ሳንዶቫል ኢኒጌስ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ልጅ ማሳደጋቸውን በአደባባይ በኃይለ ቃል አውግዘዋል። እዚያው ክልል ውስጥ ግን የሜክሲኮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ጋብቻን ለወንድና ለሴት ብቻ የሚፈቅደውን ሕግ ሻረው። በ2022 የክልሉ ምክር ቤት ራሱ ሕጉን አስተካከለ። በ2023 ደግሞ ጌይ ጌምስ የተባለው የስፖርት ውድድር በጓዳላጃራና በሆንግ ኮንግ ተካሄደ።

ለማታ ሁለት ሰፈር አለ። አንደኛው መሃል ከተማ፣ የፕሪሲሊያኖ ሳንቼስና የኦካምፖ መንገዶች አካባቢ ነው። ከካቴድራሉ በእግር ይደረሳል። የድሮዎቹ የጌይ ባሮችና ጭፈራ ቤቶች የሚበዙት እዚያ ነው። ሁለተኛው ኮሎኒያ አሜሪካና ነው፣ የቻፑልቴፔክ ጎዳና ዙሪያ። ካፌው፣ ሬስቶራንቱ፣ ባሩ ድብልቅ ነው። ለመጀመሪያ ምሽት እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ሆቴልም እዚያው ያዙ። እዚያ ሁለት ወንዶች ተያይዘው ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያያቸው ብዙም የለም። ገበያ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍና ከመሃል ራቅ ባሉ ሰፈሮች ግን ቆጠብ በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። ኦክቶበር 12 የሳፖፓን ማርያም በዓል ነው። የእመቤታችን ሐውልት ከካቴድራሉ ተነሥቶ እስከ ሳፖፓን ባሲሊካ ይሸኛል፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይወጣል። መንገድ ይዘጋል። ጥምቀትን ለሚወድ ሰው መታየት ያለበት ነው፤ ለጭፈራ ግን ሌላ ቀን ይሻላል።

የሳንዲዬጎው፦
ልጄ፣ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ነኝና ምክሬን ስማኝ። እዚያ ከተማ የሚያሰጋህ ቄሱ አይደለም፣ ወንጀለኛው ነው። ቻፑልቴፔክ ጎዳና መጨረሻው ላይ ኒንዮስ ኤሮኤስ የሚባል አደባባይ አለ። ሐውልቱ ዙሪያውን የጠፉ ሰዎች ፎቶ ተለጥፎበታል። ስም፣ ዕድሜ፣ የጠፉበት ቀን ተጽፏል። የሚለጥፉት እናቶችና እህቶች ናቸው። ሕዝቡ ራሱ የጠፉት አደባባይ ይለዋል። ጃሊስኮ በሜክሲኮ ብዙ ሰው ደብዛው የጠፋበት ክልል ነው። አብዛኛው የአገሬው ልጅ እንጂ ቱሪስት አይደለም፣ ግን የት እንደምትሄድ እወቅ።

በ2025 ጁን ላይ ጓዳላጃራ ያለው የአሜሪካ ቆንስላ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ፑዌርቶ ቫላርታና ኑዌቮ ናያሪት በሚባሉት የባሕር ዳርቻ መዝናኛዎች ውስጥ በፍቅር መተዋወቂያ አፕ ካገኟቸው ሰዎች ጋር የተቀጣጠሩ አሜሪካውያን ታግተው፣ ከቤተሰብ ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል። ፑዌርቶ ቫላርታም ያው ጃሊስኮ ነው። አንተ ከፍቅረኛህ ጋር ስለሆንክ ይሄ ላይመለከትህ ይችላል። ግን ይህን የሚያነብ ሌላም አለና ልናገር፦ በግራይንደር፣ በጌዮች መተዋወቂያው አፕ፣ ያገኘኸውን ሰው መጀመሪያ በቪዲዮ አናግረው። ከዚያ ሰው የሚበዛበት ካፌ ውስጥ፣ በቀን አግኘው። ቤቱ አትሂድ፣ ሆቴልህም አታምጣው። መኪናዬ ልውሰድህ ካለህ እምቢ በል።

ማታ ባቡሩ ያቆማል። ከመንገድ ታክሲ አታስቁም፣ በኡበር ወይም ዲዲ በሚባለው ተመሳሳይ አፕ ጥራ፣ ታርጋውን አይተህ ግባ። መኪናው እስኪመጣ ባሩ ውስጥ ሆነህ ጠብቅ። መጠጥህ ዓይንህ እያየ ይከፈት፤ ትተኸው ሽንት ቤት ከሄድክ ስትመለስ አትንካው። ብር የምታወጣው በቀን፣ ባንክ ውስጥ ካለ ማሽን ይሁን። ለማታው የሚበቃህን ፔሶና አንድ ካርድ ብቻ ያዝ።

የሚኒያፖሊሷ፦
ቪዛ አያስፈልግህም። የጸና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለጉብኝት ሜክሲኮ ያለ ቪዛ ይገባል። ፓስፖርትህና ካርዱ ግን ሁለቱም አብረውህ ይሁኑ፤ ካርዱ ከጠፋብህ መመለሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ማታ ስትወጡ ሆቴል ካዝና ውስጥ ቆልፋቸው፣ ኮፒ ይዘህ ውጣ።

ዜጋ ነኝ፦
ስለ ቤተሰብ ያነሳኸው ልቤን ነካው፣ እኔም እንዳንተው ነኝ። ጭፈራ ቤት ውስጥ ፎቶ አንሺ ይዞራል፣ በማግሥቱ የቤቱ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ካሜራ ሲመጣ «ሲን ፎቶስ» (ፎቶ አይነሳ) በልና እጅህን አሳይ፣ ይገባቸዋል። ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ስልክህ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች እንዳያገናኝ አጥፋው። አለበለዚያ የከፈትከውን አካውንት ለአክስትህ ልጅ «የምታውቀው ሰው» ብሎ ያቀርብላታል። ግራይንደር ላይ ርቀት የሚያሳየውንም አጥፋ። ከፍቅረኛህ ጋር የተነሳኸውን ከጉዞው በኋላ ለጥፈው፣ ያውም ለሚያውቁህ ብቻ።

አዲስ አበባ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ቦሌ ከመድረስህ በፊት አፑንም ፎቶውንም ከስልክህ አውጣ። በእኛ አገር የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ይሄ በእስር የሚያስቀጣ ነው። ሜክሲኮ ላይ ነጻ ሆነህ የተነሳኸው ፎቶ እዚያ ጠላትህ እጅ እንዳይገባ።

ባይተዋር (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የነገሩኝን ለፍቅረኛዬም አነበብኩለት። ፖሊስ መንገድ ላይ ቢያስቆመንስ?

የሳንዲዬጎው፦
ተመሳሳይ ጾታ ማፍቀር እዚያ ወንጀል አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱም በዚህ ምክንያት ማግለልን ይከለክላል። ግን ቱሪስት አስቁሞ ጉቦ የሚጠይቅ ፖሊስ አለ። በትህትና አነጋግረው፣ መብራት ካለበት ቦታ አትራቅ፣ መኪናው ውስጥ ግባ ካለህ ምክንያቱን ጠይቅ። ጎዳና ላይ ጠርሙስ ይዛችሁ አትጠጡ፣ ሰበብ አትስጡት። የአደጋ ጊዜ ስልኩ እንደ አሜሪካ 911 ነው። ከየት ነህ ካለህ ኢትዮጵያ በል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ፤ እኛም ሜክሲኮ አደባባይ አለን። ወሬ ያስጀምራል።

የሎስ አንጀለሷ፦
የሆቴሉ ቀርቶ ነበር። አንድ ትልቅ አልጋ ብለህ ቀድመህ በኢንተርኔት ያዝ፣ የሁለታችሁንም ስም አስገባ። ኮሎኒያ አሜሪካና ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው። ትናንሽ የቤተሰብ ማረፊያዎች ላይ ግን ሌሎች እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ሳታነብ አትክፈል።