ስለ ባለሥልጣን ጽፌ ካድሬም ተቃዋሚም ተባልኩ፤ መሃል ላይ መቆም ይቻላል?

ፎቶኮፒ ቤት (ጎንደር)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል በቴሌግራም ቻናሌ ላይ ከጎንደር ስለወጡ ሰዎች አጠር አጠር ያለ ጽሑፍ እለጥፋለሁ። አዝማሪ፣ አትሌት፣ የቅኔ መምህር፣ ነጋዴ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ጣጣው የመጣው ስለ አንድ ባለሥልጣን የጻፍኩ ዕለት ነው። የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ በእሳቸው ጊዜ ምን ተሠራ፣ ምን ተጀምሮ ቀረ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጠዋት "አንተም ካድሬ ሆንክ?" የሚል አስተያየት መጣ። ማታ በዚያው ጽሑፍ ሥር "ሰውየውን ለማጠልሸት ስንት ተከፈለህ?" ተባልኩ። ዘመዳቸው ነኝ የሚል አንድ ደንበኛዬ ደግሞ ሱቅ ድረስ መጥቶ "ስማቸው ላይ 'የልማት አባት' የምትለዋን ጨምርባት" አለኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን የሚያባዛው ፊት ለፊቴ ካለው ሱቅ ነው።

ፓርቲ የለኝም። የምፈልገው አንባቢ ጽሑፌን ጨርሶ "ይሄ ልጅ የማን ደጋፊ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ መልስ እንዲያጣ ነው። ደጉንም ክፉውንም እኩል እኩል ብጽፍ ይሆናል? ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ።

የአዘዞው

ወንድሜ፣ ዝም አይነቅዝም። ስለ ፋሲል ግንብ ጻፍ፣ ስለ ጥምቀት ጻፍ። ግንቡ ዘመድ ልኮ አይጨቀጭቅህም። ካልተውክ ግን ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አንብበው። ተከታይህ ከ5,000 በላይ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል።

የድሮ አራሚ

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ጋዜጣ ቤት በአራሚነት የፈጀሁ ነኝ። በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን ቀይ እስክሪብቶ ይዣለሁ። አሁን ጡረታዬን ይዤ አገሬ ጎንደር ገብቻለሁ።

እኩል እኩል የምትለውን እርሳው። አንድ ሰው ሦስት ትምህርት ቤት አሠርቶ አንዴ ገንዘብ ቢያጎድል፣ ሚዛን ልጠብቅ ብለህ ሌላ ሁለት ጥፋት ከየት ታመጣለታለህ? ያለው ነው የሚጻፈው። ውክፔዲያ ላይ የሚሠሩትም ገለልተኛነት የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ አስተያየት ቦታ የሚያገኘው ታማኝ ምንጮች በሰጡት መጠን ነው እንጂ ለሁሉም እኩል አይቆረስም።

ለጀማሪ ጋዜጠኞች የምሰጣት የቤት ሥራ ነበረችኝ። ስለምትጠሉት ሳይሆን ስለምትወዱት ሰው ጻፉ እላቸው ነበር። ለጎንደሬ ደግሞ ከአፄ ቴዎድሮስ የበለጠ ፈተና የለም። እስቲ ሞክረው። ቋራ ተወለዱ፣ ሸፈቱ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነገሡ፣ በየመስፍኑ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሡ፣ ሴባስቶፖልን አሠሩ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። እዚህ ድረስ እጅህ ይሮጣል። አሁን ደግሞ በ1859 ዓ.ም. ይህችኑ ጎንደርን እንዳቃጠሉ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ዘርፈው እንዳስወሰዱ በዚያው ድምፅ ጻፍ።

"ንጉሡ ተገደው" ብለህ ስትጀምር ራስህን ካገኘኸው፣ እዚያው ላይ ቁም። ማን አስገደዳቸው? ምክንያቱን ማስረዳት ትችላለህ። ግዛታቸው እየጠበበ መጥቶ ነበር፣ ከካህናቱ ጋርም በመሬት ተጣልተው ነበር። ግን መጀመሪያ ድርጊቱን ጻፍ፣ ምክንያቱ ይከተል። ምክንያቱ ቀድሞ ከመጣ አንባቢው ቃጠሎው ላይ ሳይደርስ ይቅር ብሏቸዋል። የቴዎድሮስ ሐውልት ሥር ቆመህ ጮክ ብለህ የምታነበው፣ ደብሩ የተቃጠለበት ካህን የልጅ ልጅም "ዋሸህ" የማይልህ አንድ አንቀጽ ከወጣልህ፣ ስለ ከንቲባ መጻፍ አይከብድህም።

ሌላው አንቱታ ነው። አማርኛ ላይ ሳይሳደቡ መሳደብ ይቻላል። "ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ፣ መንግሥቱ ፈረጠጠ" የሚል ስንት ጽሑፍ መጥቶልኛል መሰለህ! ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ። በ1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ናቸው አለ። ይህን ካልክ ምን ቀረህ? ጎንደር በቀይ ሽብር ልጆቿን የቀበረች ከተማ ናት፤ የሠፈሬ ልጆችም አሉበት። "ወጡ" ብዬ ስጽፍ ይመረኛል። "ፈረጠጠ" ብዬ ብጽፍ ግን አንባቢው የሚያውቀው የእኔን ቁጣ ነው፤ ስለ ሰውየው አንዲት ነገር አልጨመርኩለትም።

"አሉ" ማለት ሲበቃህ "አመኑ" አትበል። ያመነ ሰው ጥፋት ያለበት ይመስላል።

የሕግ ተማሪ (ማራኪ)

ከእትዬ አራሚ ሐሳብ ላይ አንድ ልጨምር፣ አንድ ልቃወም።

የምጨምረው፦ "ተጠረጠሩ"፣ "ተከሰሱ" እና "ጥፋተኛ ተባሉ" የተለያዩ ናቸው። ቻናሎች ላይ ፖሊስ የያዘው ሁሉ ወዲያው "ሌባው ተያዘ" ይባላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። በነጻ ከተለቀቁ ደግሞ ያንንም እንደ ክሱ ጎላ አድርገህ ጻፍ። ክሱን ለጥፎ ነጻ መውጣቱን የሚረሳ ብዙ ነው።

የምቃወመው፦ አንቱታም ራሱ አቋም ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ታስሮ ተገርፏል። የገረፈውን ሰው አንቱ በል ልበለው? አንዳንዴ መሃል መቆም ለጉልበተኛው ማገዝ ነው።

የድሮ አራሚ

አባትህ እንደፈለጉ ይጥሩት፣ ከፈለጉም ይርገሙት። ባለቁስል ናቸው። ይህ ልጅ አባትህን ጠይቆ ቢጽፍ ደግሞ ቃላቸውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ያስገባል፤ "አንተ" ካሉት "አንተ" ይሁን፣ ማለስለስ የለም። እኔ የማወራው ከጥቅሱ ውጪ ስላለው ድምፅ ነው።

መሃል መቆም ያልከው ላይ ግን እውነት አለህ። "ተገረፈ የሚሉ አሉ፣ አልተገረፈም የሚሉም አሉ" ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ሰነዱን ፈልግ፣ ምስክሩን አናግር። የተረጋገጠውን ተረጋግጧል ብለህ ጻፍ። ሰውየው ተገርፏል ብሎ መጻፍ ወገንተኛነት አይደለም።

ፎቶኮፒ ቤት (ጎንደር)

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ማራኪም አመሰግናለሁ። የቴዎድሮሷን የቤት ሥራ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። "የልማት አባት"ን ምን ላድርጋት? ሰውየው እንደገና መልእክት ልኮልኛል። ፎቶስ? ያሉኝ ሁለት ናቸው። አንዱ ላይ ስብሰባ መሃል አፋቸውን ከፍተው ሲያዛጉ ነው፣ አንዱ ላይ ሪባን ሲቆርጡ።

የድሮ አራሚ

"የልማት አባት" ያላቸው ሰው ስም ካለው ጻፈው፤ እገሌ በእገሌ ጉባኤ ላይ እንዲህ ብለዋቸዋል በል። ስም ከሌለው ለዘመድየው የማስታወቂያ ዋጋ ንገረውና፣ ከከፈለ ራስጌው ላይ "ማስታወቂያ" ብለህ ለብቻው ለጥፍለት። የሚከፍል አይመስለኝም።

ማዛጋቱንም ሪባኑንም ተዋቸው። ጉርድ ፎቶ ፈልግ። ፎቶኮፒ ቤት ይዘህ ጉርድ ፎቶ ታጣለህ እንዴ?