ሊንዲስፋርን ደሴት የሄደ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለችውን ሊንዲስፋርንን ልጎበኝ ነው። ወደ ደሴቱ የሚያሻግረውን መንገድ ባሕር ይውጠዋል ይላሉ፤ እውነት ነው ወይስ ማስፈራሪያ?

መልስ 1፦ እውነት ነው ወንድሜ! አስፋልቱን በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ይሸፍነዋል። ሰዓቱ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ፣ ባሕሩ የሚሞላበትን ሳታይ እንዳትነሳ።

መልስ 2፦ ደሴቱ ላይ ያለው አሮጌ ግንብ ጋ ብዙ አትቆይ። እኔን ያስቆመኝ ወደቡ ዳር ያሉት አሮጌ የሄሪንግ ዓሣ ጀልባዎች ናቸው። ተገልብጠው፣ በር ተበጅቶላቸው የዕቃ ማስቀመጫ ሆነዋል፤ የጀልባው ሆድ ጣሪያ መሆኑ ነው! ዓሣ አጥማጆቹ መረብና ገመዳቸውን ያኖሩባቸው ነበር። አንዱን ስዞር ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ባለቤቴ ተናደደች።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። በእግር መሻገርስ?

መልስ 1፦ ይቻላል፣ በአሸዋው ላይ መንገዱን የሚያሳዩ እንጨቶች ተተክለዋል። ግን ጭቃ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻህን አትሞክረው።