ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አይከሽፍም የሚባለው እስከ ምን ድረስ እውነት ነው?

አወያይ፣ ደብረ ማርቆስ፦

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከአንድ አባላችን የመጣ ነው። ይህ ሰው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ አውጥቶ ለቤቱ ጥበቃ አንድ ሽጉጥ ለመያዝ ያስባል። ታላላቆቹ «ስድስት ጎራሽ ያዝ፤ እሱ አይከሽፍም፤ ስም ያለውን ብቻ ምረጥ» ይሉታል፤ እኩዮቹ ደግሞ ስድስት ጎራሽ የአያቶቻችን ጌጥ እንጂ የዛሬ መሣሪያ አይደለም እያሉ ያሾፉበታል። ስለዚህ ሁለቱን ነገሮች አብረን እንመርምር። ጥይቶቹን በሚዞር ከበሮ የሚይዘው፣ ሪቮልቨር ወይም ስድስት ጎራሽ የምንለው ሽጉጥ፣ በእርግጥ ካዝና (ጥይቶቹ በሞላ ተገፍተው የሚደረደሩበት ማኅደር) ካለው ሽጉጥ ይልቅ የሚታመን ነውን? በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸው የፋብሪካ ስምስ ለባለቤቱ ምን ያህል ዋስትና ይሰጣል? የግዢና የሽያጭ ወሬም ሆነ የፖለቲካ ጉዳይ እዚህ አይነሣም።

ጡረተኛ የፖሊስ ባልደረባ፣ ፍኖተ ሰላም፦

እኔ ከታላላቆቹ ወገን ነኝ። ካዝና ያለው ሽጉጥ አንዲት ጥይት ስትከሽፍበት ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ባለቤቱ በሁለተኛ እጁ ወደ ኋላ ስቦ የከሸፈችውን ካላስወጣ በቀር ቀጣይዋ አትጎርስም። በስድስት ጎራሽ ግን ምላጩን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው፤ ከበሮው ዞሮ ሌላ ጥይት ከመቺው ፊት ያቀርባል። ከእንቅልፉ ደንግጦ ለተነሣ፣ ወይም አንድ እጁ ለተጎዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ተጨቁኖ የሚኖር የካዝና ሞላም የለውም። ስምን በተመለከተ፣ የአሜሪካው ፋብሪካ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣውና በኋላ ሞዴል 10 የተባለው ሽጉጥ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የብዙ አገር ፖሊስም ለአሥርታት ታጥቆታል። እንዲህ ያለ ስም በወሬ አይገኝም።

ወጣት ነጋዴ፣ ቡሬ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ማካሮቭ የተባለው የካዝና ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1951 ለሶቪየት ሠራዊት ከተሰጠ ጀምሮ ያየው በረዶና አቧራ ብዙ ነው፤ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ወታደር የነበረ ሰው ሁሉ በጨለማ ፈትቶ ይገጥመዋል። የስድስት ጎራሽን የጎን ክዳን ፈትቶ መልሶ የሚገጥም ሰው ግን እዚህ ቡሬ ፈልጌ አላገኘሁም። ደግሞስ ያን ያህል የሚታመን ከሆነ የገዛ አገሩ የአሜሪካ ፖሊስ ለምን ተወው? የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. በ1986 በማያሚ ሁለት ባልደረቦቹ ከተገደሉ በኋላ ወደ ካዝና ሽጉጥ ዞሯል፤ የኒው ዮርክ ፖሊስም በ1993 ያንኑ ፈቅዷል። ስምን ካነሣንም የብራዚሉ ፋብሪካ ታውረስ ሽጉጦቹ ሲወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ የቀረበበትን ክስ እ.ኤ.አ. በ2015 በስምምነት ዘግቷል። ስም ሁሉ እስኪፈተን ድረስ ነው።

የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከማያሚ ልጀምር። ኤፍ ቢ አይ ስድስት ጎራሽን የተወው ስለከሸፈበት አይደለም፤ ጥይቱ ስላነሰውና በተኩስ መሐል ባዶውን ከበሮ እንደገና ማጉረስ ስለዘገየበት ነው። የታውረስም ስምምነት ዘጠኝ ዓይነት የካዝና ሽጉጦችን የሚመለከት ነበር። ስለዚህ የቡሬው ወንድሜ የጠራቸው ሁለቱም ምስክሮች ስለ ስድስት ጎራሽ መክሸፍ የሚናገሩት ነገር የለም።

ጋሼ ያሉት ደግሞ እውነት ቢሆንም ግማሹ ነው። ስድስት ጎራሽ የጥይትን ጥፋት ይሸከማል፤ የራሱን ጥፋት ግን አይሸከምም። አንድ ደንበኛ ከበሮው አልዘጋ ያለ ሽጉጥ አምጥቶልኝ ነበር፤ የማን ሥራ እንደሆነ አልናገርም፣ ስመ ጥር መሆኑን ግን እመሰክራለሁ። ሰውየው በጉልበት ሊዘጋው ሞክሮ አቅቶታል። ዘንጉን ገፍቼ ቀለህ አውጪውን ኮከብ ከፍ ሳደርገው፣ ከሥሩ ያልተቃጠሉ የባሩድ ቅንጣቶች ተጣብቀዋል፤ አንዳቸውም ከጤፍ ፍሬ አይበልጡም። በከበሮው ፊትና በአፈሙዙ መጀመሪያ መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከኋላ ያለው መፈናፈኛም እንዲሁ ጠባብ ስለሆነ ኮከቡ በጥቂቱ ከፍ ሲል ከበሮው ከሽጉጡ አካል ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት፤ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ለማንም የምነግረው ቀለህ ሲያስወጣ አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንቶ ዘንጉን አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ እንዲመታው ነው፤ ሽጉጡን አጋድሞ ቀስ እያለ የሚያስወጣ ሰው ቅንጣቱን ራሱ ከኮከቡ ሥር ያስገባዋል።

ሁለተኛው ነገር የመቺው ሞላ ነው። ምላጩ ከበደኝ የሚል ባለቤት ከእጀታው ፊት ያለችውን የሞላ ማጥበቂያ ቪቴ በካቻቢቴ ላላ ያደርጋታል፤ ምላጩም ይለሰልሳል፣ ሰውየውም ይደሰታል። ነገር ግን መቺው በጥይቱ ቂጥ ላይ ያለችውን እሳት ጫሪ የሚመታበት ኃይል አብሮ ቀንሷል። እዚህ ላይ «ደግሞ ሳበው» የሚለው መፍትሔ አይሠራም፤ አንደኛዋን ያከሸፈው ደካማ ምት ሁለተኛዋንም ሆነ ስድስተኛዋን ያገኛታልና። የተቧጨረች የቪቴ ጭንቅላት ባየሁ ቁጥር ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገኝ ነገሩን እጠረጥራለሁ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም አደገኛው፣ ባሩዷ ያነሰ ወይም የረጠበ ጥይት ነው። እርሳሱ ከቀለሁ ወጥቶ በአፈሙዙ መካከል ይቆማል። በካዝና ሽጉጥ እንዲህ ያለ ጥይት አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ሌላ ለማጉረስ አቅም ስለሚያንሰው ሽጉጡ በዚያው ይቆማል። ስድስት ጎራሽ ግን ምላጩ እስከተሳበ ድረስ ይዞራል፤ ቀጣይዋም በተዘጋ አፈሙዝ ውስጥ ትተኩሳለች። ጋሼ እንደ ጥቅም የቆጠሩት ነገር እዚህ ላይ አፈሙዝ ይሰነጥቃል፣ ጣትም ይወስዳል። ድምፁ ከወትሮው ያነሰ ጥይት የተኮሰ ሰው ጥይቱን በሙሉ አውጥቶ አፈሙዙን በብርሃን ሳያይ ምላጭ መንካት የለበትም።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሣ። የመግፊያ ዘንጉ ጥርስ ሲላላ ወደ ፊት ይረዝምና ከበሮው አልከፈት ይላል፤ በቀላል ሽጉጥ ኃይለኛ ጥይት ሲተኮስ በእርግጫው ምክንያት ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳስ ከቀለሁ እየሾለከ ከከበሮው ፊት ወጥቶ ዙሩን ያግዳል፤ ከበሮውን የሚያዞሩት ጥርሶች ሲያልቁም የጥይቱ ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጋር ስለማይገጥም እርሳስ ተላጭቶ ወደ ጎን ይረጫል። የካዝና ሽጉጥ ጥይት ሲነክስ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ በእጁ ያላቅቀዋል፤ የስድስት ጎራሽ ብልሽት ጥቂት ቢሆንም ሲመጣ ግን ጠረጴዛና መፍቻ ይፈልጋል። እኔ በሁለቱ መካከል የማየው እውነተኛ ልዩነት ይህ ነው።

ጡረተኛ የፖሊስ ባልደረባ፣ ፍኖተ ሰላም፦

የጠቀሷቸውን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ግማሾቹ የቸልተኛ ባለቤት ጥፋቶች ናቸው። ያለ ጽዳት የሚሠራ የካዝና ሽጉጥ አለ ያለም የለም። ጥያቄዬን ላጥብበው። ሁለቱም ሽጉጦች ጥይት እንደጎረሱ ሳጥን ውስጥ ገብተው ለዓመታት ሳይነኩ ቢቀመጡ፣ በክፉ ቀን የትኛው ይተኩሳል?

የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦

በዚህኛው ጥያቄ ሚዛኑ በመጠኑ ወደ እርስዎ ያጋድላል፤ መቺው ባልተነሣበት ጊዜ የስድስት ጎራሽ ዋናው ሞላ ጫናው ጥቂት ነው። ሆኖም ሞላን ይበልጥ የሚያደክመው ተጨቁኖ መቀመጡ ሳይሆን መታጠፍና መዘርጋቱ ስለሆነ፣ ጥሩ የካዝና ሞላም በመቀመጥ ብቻ አይሞትም። ሁለቱንም የሚገድላቸው በብዛት የፈሰሰ ዘይት ነው። በዓመታት ውስጥ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ በስድስት ጎራሽ ደግሞ ከጎን ክዳኑ ሥር ስለሚደበቅ ባለቤቱ አያየውም።

የታሪክ መምህር፣ ዳንግላ፦

ስለ ስም የቀረውን እኔ ልጨምር። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በስፔን የኤይባር ከተማ የነበሩ አነስተኛ ፋብሪካዎች የታወቁ የአሜሪካ ስድስት ጎራሾችን መልክ እየቀዱ ይሸጡ ነበር። አንዳንዶቹ አፈሙዙ ላይ «ይህ ሽጉጥ የሚስማማው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጥይት ነው» የሚል ረዥም ጽሑፍ ይቀርጹ ስለነበር፣ የውጭ ፊደል በወጉ የማያነብ ገዢ ስሙን ብቻ ለይቶ የፋብሪካው ሥራ ይመስለዋል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ የያዘውን መሣሪያ የመረጠው ከሱቅ አይደለም። ከጣሊያን የተማረከ ቦዴዮ የተባለ ባለ 10.35 ሚሊ ሜትር ስድስት ጎራሽ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ባለችው በኦሜድላ ገብተው በቡሬና በደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዘልቁ አብሯቸው የነበረው ጦር ደግሞ የእንግሊዝ ትጥቅ ይዞ መጥቷል። በጎጃም የሽጉጥ ዝና የተሠራው በአብዛኛው ከፋብሪካ ማስታወቂያ ሳይሆን ከታጠቀው ሰው ዝና ነው። አርበኛው ጀግና ከነበረ ሽጉጡም ጀግና ይባላል።

እውነተኛው ፋብሪካም ቢሆን በየዘመኑ አንድ ዓይነት አይደለም። የኮልት እ.ኤ.አ. የ1873 ሽጉጥ መቺው በጥይቱ ቂጥ ላይ ስለሚያርፍ አስተዋዮች አምስት ብቻ አጉርሰው ስድስተኛውን ቀዳዳ ከመቺው ሥር ባዶ ያደርጉት ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራው ቪክትሪ የተባለው ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1944 ከመርከብ ወለል ላይ ወድቆ ተኩሶ አንድ መርከበኛ ስለገደለ፣ ፋብሪካው የመቺውን ማገጃ እንደገና ነድፎታል። ሩገር የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ መቺው ምላጩ ሳይሳብ እሳት ጫሪዋን የምትወጋውን መርፌ እንዳይነካ የሚያደርግ አሠራር አስገብቷል፤ በኋላም አሮጌዎቹን ያለ ክፍያ ቀይሯል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ2001 የጨመረው በቁልፍ የሚዘጋ መቆለፊያ በተኩስ መካከል ራሱን ይቆልፋል የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አላባራም፤ ኮልት በ2020 እንደገና ያወጣው ፓይተን የተባለው ስድስት ጎራሽም በመጀመሪያዎቹ ምርቶቹ ላይ ከበሮው አልዞር አለ፣ ምቱ ደካማ ነው የሚል ቅሬታ ደርሶበታል። «ስም ያለው ያዝ» የሚል ሰው የትኛውን ሞዴልና የትኛውን ዓመት እንደሚል አብሮ ይንገረን።

ወይዘሮ፣ ብቸና፦

እኔ የአባቴ ሽጉጥ በፈቃድ ወደ ስሜ የተዛወረልኝ ሰው ነኝና የሚመለከተኝን ልጠይቅ። ስሙ ከታወቁት አንዱ ነው፤ የፋብሪካው ምልክት በግልጽ ይነበባል። ነገር ግን ባለ 38 ስፔሻል ጥይት ሲተኮስበት ቀለሁ አልወጣ እያለ ያስቸግራል፤ ሲወጣም ያበጠ ነው፣ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። ጥይቱ ነው እንዳልል ከተለያየ ቦታ የመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ።

የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦

እመቤቴ፣ ሽጉጡን ሳላይ አልፈርድም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። ያበጠው የቀለሁ ክፍል ከቂጡ ጀምሮ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ደርሶ ከዚያ ወዲያ በእርከን ይጠባል ወይስ እብጠቱ እስከ አፉ እኩል ነው?

ወይዘሮ፣ ብቸና፦

አሁን ሦስቱን አየኋቸው፤ በሦስቱም ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ቀለበት የመሰለ እርከን አለ፤ ከእርከኑ በላይ ቀጭን ነው።

የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦

እንግዲያው ጥርጣሬዬ ጸንቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ለእንግሊዝና ለአጋሮቿ ከ500 ሺህ በላይ ስድስት ጎራሾችን የላከችው ለእንግሊዙ 38 ጥይት አስተካክላ ነበር፤ ያ ጥይት ከስፔሻሉ ያጥራል፣ ነገር ግን ይወፍራል። የአንዱ ቀለህ ወፍረት ወደ 9.8 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 9.6 ገደማ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ነጋዴዎች ብዙዎቹን ስፔሻሉ እንዲገባባቸው ቀዳዳውን ወደ ፊት አስረዘሙት፤ የኋላውን ስፋት ግን ማጥበብ አይቻልም። ስለዚህ ቀለሁ በሰፊው ክፍል ያብጣል፣ ይሰነጠቃልም። የእርስዎም ሽጉጥ እንዲህ ካለ ስሙ እውነተኛ ነው፤ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም፤ ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ የሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል። እስኪለካ ድረስ አይተኩሱበት፤ ባዶውን ቆልፈው ያስቀምጡት።

ወጣት ነጋዴ፣ ቡሬ፦

እኔ ማካሮቭን አልለቅም፤ ቢሆንም ካዝና የሌለው ሁሉ የማይረባ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ጋሼ፣ የእርስዎንስ ለክተውት ያውቃሉ?

ጡረተኛ የፖሊስ ባልደረባ፣ ፍኖተ ሰላም፦

ለክቼው አላውቅም፤ አንድ ቀን ከሽፎብኝ ስለማያውቅ አላሰብኩበትም። አሳቤን ግን አልቀየርኩም፤ የተጠበቀ ስድስት ጎራሽ ለቤት ሰው ዛሬም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ባለሙያው ፈቃደኛ ከሆኑ የእኔንም ይዤ እመጣለሁ።

የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦

ደስ ይለኛል። እርስዎም የብቸናዋ እመቤትም ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ፣ ፈቃዱንም ይዛችሁ ኑ። የተተኮሱ ቀለሆች ካሉ አትጣሏቸው፤ ወደ ፊት በሕጋዊ ተኩስ ቦታ ስትተኩሱም እያንዳንዱ ቀለህ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ በብዕር ምልክት አድርጉበት፤ ስድስቱ ቀዳዳዎች እኩል አያልቁምና ጥፋቱ ያለው በአንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።