«ትንሽ ማጋነን» ነው ወይስ ማታለል? የካራቫን ፓርኩ 5 ኮከብ

የበርሚንግሃሟ
ለነሐሴ ዕረፍት ተብሎ እዚህ ገጻችን ላይ የተለጠፈውን የሊንከንሻየር (እንግሊዝ) ባሕር ዳር ካራቫን ፓርክ፣ ማለትም ለዕረፍት የሚከራዩ ተንቀሳቃሽ ቤቶች የቆሙበት ቦታ፣ ማስታወቂያ አይታችሁታል? «ባለ 5 ኮከብ፣ ጎልድ ደረጃ፣ 8 ሰው የሚያስተኛ» ይላል። ምስሉን አጉልታችሁ እዩት። ከኮከቦቹ ሥር በደቃቁ የተጻፈው ዓመት እ.ኤ.አ. 2019 ነው። ኮከቡን የሰጠው አካል ስም ደግሞ ተቆርጦ ወጥቷል። ሰው ቤተሰቡን ይዞ ለመሄድ ገንዘብ እያዋጣ ነው። ይህን ኮከብ የሰጠው ማን ነው?

ሰሜን ለንደን
እህቴ፣ ትንሽ ማጋነን የንግድ ወግ ነው። ዕቃዬ መካከለኛ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የት አለ? መዋኛ አለው፣ የልጆች መጫወቻ አለው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ኮከብ ኮከብ ነው።

ጋዝ ሠራተኛው
ኮከብማ ኮከብ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ካራቫን ፓርክ ደረጃ እንዲያወጣ የሚያስገድደው የለም፤ የፈለገ ከፍሎ ይገመገማል። የአገሪቱ የቱሪዝም አካል ቪዚት ኢንግላንድ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ሲሰጥ ቆይቷል። የአሽከርካሪዎች ድርጅቱ ኤኤ (AA) ለካምፕና ለካራቫን ቦታ የሚሰጠው ደግሞ ኮከብ ሳይሆን ፔናንት፣ ትንሽዬ ባንዲራ ነው። ጉግል ላይ የምናየው ኮከብ የእንግዶች አስተያየት አማካይ ብቻ ነው፤ ፍራሽ ገልጦ ያየ ገምጋሚ የለበትም። ሦስቱም «5» ሊባሉ ይችላሉ፣ የሚለኩት ግን ለየቅል ነው። የሰጪውን ስም ቆርጦ ቁጥሩን ብቻ ያስቀረ ሰው ልዩነቱን ጠንቅቆ ያውቃል።

«ጎልድ» ለተባለውም፣ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚባሉት ብዙ ጊዜ ኩባንያው ለራሱ ካራቫኖች ያወጣቸው ስሞች ናቸው። አንዱ ፓርክ ጎልድ ያለው ሌላው ጋ ሲልቨር ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት የካራቫኑ ዕድሜ፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት መሆኑና መኝታ ክፍሎቹ ማሞቂያ ያላቸው መሆኑ ነው። በርካሾቹ ውስጥ ማሞቂያው ሳሎን ያለው የጋዝ እሳት ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሚያዝያ ላይ የሄደ ሰው ሌሊት ልዩነቱን ያየዋል።

የበርሚንግሃሟ
«ትንሽ» ያልከው የቱን ነው? 2019ን ነው? የተቆረጠውን ስም ነው? ወይስ ጎልዱን?

ሒሳብ ያዥ
ስለ «ማጋነን» ልጨምር፣ ቃሉ ሕጉ ውስጥም ስላለ። የማስታወቂያ ደንቡ ማጋነንን የሚፈቅደው ማንም ቃል በቃል በማይወስደው ነገር ላይ ነው። «በምድር ላይ እንዲህ ያለ ሻይ የለም» ብትል የሚከስህ የለም። «5 ኮከብ» ግን ተፈልጎ የሚረጋገጥ ነገር ነው፤ አስተዋዋቂው ማስረጃውን ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በእጁ መያዝ አለበት። ከዚያም አልፎ፣ ያልተፈቀደልህን የጥራት አርማ መለጠፍ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በስም ተጠቅሶ የተከለከለ ነው። ከ6 ኤፕሪል 2025 ወዲህ በሚሠራው አዲሱ የሸማቾች ሕግም እንደተከለከለ ነው፤ የብሪታንያ የውድድርና ገበያ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ሳይሄድ ድርጅቱን እስከ ዓለም አቀፍ ገቢው 10 በመቶ መቅጣት ይችላል።

ሰሜን ለንደን
ለአንድ የባሕር ዳር ካራቫን ያ ሁሉ ባለሥልጣን አይንቀሳቀስም። የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው ራሱ የገንዘብ ቅጣት አይጥልም፤ «አንሱት» ነው የሚለው። እኔ ያልኩት ትንሽ ነው። ትልቅ ነው አላልኩም፣ ትክክል ነውም አላልኩም።

የሦስት ልጆች እናት
እንግዲያው 8ቱን ሰው እንቁጠር። ሦስት መኝታ ክፍል አለው። በአንዱ የባልና ሚስት አልጋ፣ በሁለቱ ሁለት ሁለት ጠባብ አልጋ፣ በድምሩ 6 ሰው። የቀሩት 2ቱ ሳሎን ውስጥ ተስቦ በሚወጣ ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ወጥ ቤቱም እዚያው ስለሆነ ቁርስ የሚሠራው ሰው ሲነሣ እነሱም ይነሣሉ። የጠባቦቹ አልጋ ስፋት ብዙ ጊዜ 70 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለትልቅ ሰው አይሆንም። አያትን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ 8 የሚለውን አምኖ ቢከፍል ትንሽ ነው ትለዋለህ?

ሰሜን ለንደን
8 ማለት ውሸት አይደለም። ሶፋው ይዘረጋል።

የሦስት ልጆች እናት
«6 እና 2» ብለው የሚጽፉ ፓርኮች አሉ። መጻፍ ይቻላል ማለት ነው።

የቦሌ ልጅ
አዲስ አበባም እንዲሁ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴሎችን ሲመዝን፣ ስንቱ በራሱ የሰቀለውን ኮከብ አጣ! መንግሥት ካልመዘነ ነጋዴ ራሱን ይመዝናል።

ሰሜን ለንደን
አዲስ አበባን እዚህ ምን አመጣው? ሰው ስለ ሊንከንሻየር እያወራ።

የቦሌ ልጅ
የሚያገናኘው አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ካምፕ ቦታ ኮከብ ከፈለገ በመንግሥት ሥርዓት ይመዘናል፣ ኮከቡም 5 ዓመት ሞልቶት ያበቃል። እዚህ ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

ጋዝ ሠራተኛው
ክፍት ነው ማለት ሕግ የለም ማለት አይደለም፣ እሱን አናደባልቅ። ኮከቡ በፈቃደኝነት ነው፣ ደኅንነቱ ግን አይደለም። ፓርኩ በእ.ኤ.አ. 1960ው የካራቫን ቦታዎች ሕግ መሠረት ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በመደበኛው የፈቃድ መስፈርት በዕረፍት ካራቫኖች መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ 5 ሜትር፣ ግድግዳቸው ፕላይውድ (ስስ ጣውላ) ከሆነ 6 ሜትር ነው፤ ማንኛውም ካራቫን ከእሳት ማጥፊያ ቦታ ከ30 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። የሚከራይ ካራቫን ጋዙ በየ12 ወሩ በጋዝ ሴፍ (የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ) በተመዘገበ ባለሙያ ተፈትሾ ወረቀት መኖር አለበት። ወረቀቱን ጠይቁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውምና የማስጠንቀቂያ ደወሉን ቁልፍ ገብታችሁ ሻንጣ ሳትፈቱ ተጭናችሁ ሞክሩ።

አንድ ያልተነሣ ነገርም አለ። ኮከቡ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የፓርኩ ነው። እዚያ ከቆሙት ካራቫኖች ብዙዎቹ የግለሰብ ናቸው፣ ባለቤቶቹ ያከራዩአቸዋል። ገምጋሚው የእናንተን ካራቫን ጨርሶ ላያየው ይችላል።

ሒሳብ ያዥ
ስለዚህ የምትከፍሉ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ከሆነ በ1974ቱ የብድር ሕግ ክፍል 75 ባንኩም እኩል ተጠያቂ ነው፣ በሐሰት ለተነገረውም ጭምር። ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል። በመካከል ሌላ ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ ለፓርኩ የሚያስተላልፍ ከሆነ ባንኩ ሊያመልጥ ይችላል። ደግሞ አንድ ሰው ለሁሉም ከፍሎ ሌላው ካሽ ቢሰጠው፣ መብቱ የካርዱ ባለቤት ነው። ማስታወቂያውን ዛሬውኑ ከነቀኑ ስክሪንሾት አንሡ፤ ነገ ሊቀየር ይችላል። በኢንተርኔት ስለገዛሁ ለመሰረዝ 14 ቀን አለኝ ብላችሁም አትጠብቁ። ቀኑ ለተወሰነ ማረፊያ ያ የመሰረዝ መብት አይሠራም።

ሰሜን ለንደን
ለአራት ሌሊት ይህ ሁሉ ጠበቃ! በዚህ ዋጋ ነሐሴ ውስጥ ሌላ የት ይገኛል? አንዳችሁም አላመጣችሁም።

የበርሚንግሃሟ
ርካሽ ከሆነ ርካሽ ነው ብለው ይሽጡት፣ ማን ጠላ? ለፓርኩ ጽፌያለሁ፦ ደረጃውን የሰጠው ማን ነው፣ የምስክር ወረቀቱ የመቼ ነው፣ እኛ የምንገባበት ካራቫን የስንት ዓመት ነው። የመለሱልኝ «5 ኮከብ ነን» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ሰሜን ለንደን
መለሱ አይደል?

የበርሚንግሃሟ
የጠየቅኩት ማን እንደሰጣቸው ነው።