የኪስ ቆርቆሮዬ ከበደኝ፤ ምን ላውጣለት?

ኪሰ ቀዳዳው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። መሳቅ ይፈቀዳል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ማታ ከሥራ ተመልሼ በሩ ላይ ኪሴን ስዳብስ ቁልፍ የለም፤ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ። ስልኬን ሳወጣ ባትሪው አልቋል። አንድ መንገደኛ አይቶኝ "በኔ ደውል" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ተቀብዬ ልደውል ስል ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ለካ የአንድ ሰው ቁጥር እንኳ በቃሌ አላውቅም! የባለቤቴን የለም፣ የወንድሜን የለም። ትዝ ያለኝ ልጅ ሆኜ ቤታችን የነበረው መስመር ስልክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ። ሰውዬውን አመስግኜ ስልኩን መለስኩለት። ባለቤቴ እስክትመጣ ደረጃው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጎለትኩ።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። "ሁለተኛ ባዶ ኪሴን አልገኝም" ብዬ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። መያዣው የሚንት ከረሜላ ቆርቆሮ ነው፤ ርዝመቱ 9.5 ሴንቲ፣ ወርዱ 6፣ ውፍረቱ 2 ገደማ። ውስጡ ሰንጢ አለ፣ ኮምፓስ አለ፣ የሽቦ መጋዝ አለ፣ እሳት መጫሪያ ብረት አለ፣ የዓሣ መንጠቆ ከነክሩ አለ (በሕይወቴ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም)። ፊሽካ፣ ሻማ፣ ትንሽ ገመድ፣ ሁለት ትርፍ የባትሪ ድንጋይ፣ በሶፍት የተጠቀለሉ ስድስት ክኒኖች። የእጅ ባትሪው አልገባ ስላለ ሌላ ኪስ ውስጥ ለብቻው ነው። ቆርቆሮው ሚዛን ላይ ሲወጣ 310 ግራም። ስራመድ እንደ ቃጭል ያቃጭላል። የሁለት ሱሪ ኪስ ቀዶብኛል፤ ስሜም የመጣው ከዚያ ነው።

ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ የመነፅሬ ብሎን ወልቆ ጠፋ። የመነፅሩ እግር እጄ ላይ ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ቀኑ ደረሰ አልኩ። ሰው ሁሉ እያየ ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። መጋዝ አለ፣ መንጠቆ አለ፣ ለመነፅር የሚሆን ግን ምንም የለም። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ከቦርሳዋ መርፌ ቁልፍ አወጣች፣ በብሎኑ ቀዳዳ አሳልፋ ቀጭ አደረገችው። አስር ሰከንድ አልፈጀባትም።

እና ምን ልጣል? ምን ልተካ? እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ ምን አለ?


አጭር መልስ፦

ቁልፍ፣ ስልክ፣ መሐረብ። በቃ። ሌላው ጭንቀት ነው።


ኬብል ጠምጣሚ፦

አጭር መልስ፣ ሰውዬው ቁልፍም ስልክም እያለው ነው እኮ የተቸገረው። ቁልፉ ቢሮ፣ ስልኩ ሬሳ። መሐረቡ ለእንባው ነበር እንዴ?

ኪሰ ቀዳዳው ወንድሜ፣ እኔ የድምፅ ቴክኒሻን ነኝ። መድረክ ሥር መሳብ፣ ኬብል መፈለግ፣ በጨለማ ብሎን ማሰር ሥራዬ ነው። ኪሴን ያስተካከለልኝ መድረክ ነው። አንተ የሰበሰብከው ጫካ ውስጥ ለጠፋ ሰው የሚሆን ነው። አንተ ደግሞ የጠፋኸው ደረጃህ ላይ ነው!

እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። ለሁለት ሳምንት ምንም አልገዛሁም። አንድ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ያዝኩ። "ምነው አሁን እንትን በኖረኝ" ባልኩ ቁጥር ጻፍኩ። ሰው የለመንኩትን ሁሉ ጻፍኩ። "እስክሪብቶ አለህ?" እስክሪብቶ። "መቀስ ታውሰኛለህ?" መቀስ። በመጨረሻ ወረቀቱን ሳየው አፈርኩ። ኮምፓስ የሚል አንድም ቦታ የለም። ብርሃን ዘጠኝ ጊዜ፣ የሚቆርጥ ነገር ሰባት ጊዜ፣ የሚለጥፍ ነገር አምስት ጊዜ። አንድ ቦታ ላይ "ጥፍር!" ብዬ ጽፌያለሁ። የተሰነጠቀ ጥፍር ኬብል ላይ ሲያዝ ያየ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ይኸው።

ሰንጢዬ ቪክቶሪኖክስ ክላሲክ የሚባለው ትንሹ ነው። ሲታጠፍ 58 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 20 ግራም ቢያልፍ ነው። ስለቱን ብዙም አልነካውም። እኔን የሚያኖረኝ መቀሱ ነው፣ ቀጥሎ ሞረዱ፣ ቀጥሎ ከጎኑ የሚመዘዘው ወረንጦ። የሞረዱ ጫፍ ለትንንሽ ብሎን ካቻቢቴ ይሆናል። ለመነፅር ግን ይወፍራል። ለመነፅር የሚሆን ደቃቅ ካቻቢቴ ያለው በትልልቆቹ ሰንጢዎች ላይ ነው፤ በቡሽ መክፈቻው ጥምዝ ውስጥ ተሽከርክሮ ይገባል። በጣም ብልህ ነገር ነው፣ ግን ለሱ ብለህ ትልቁን ሰንጢ ልትሸከም ነው። የመነፅር ካቻቢቴ ለብቻው ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይበልጥ አለ፤ እሱን ከአንድ ትርፍ ብሎን ጋር ያዝ። ብሎኗን እርጥብ ጣትህ ላይ ለጥፈህ ነው ቀዳዳው ላይ የምታስቀምጣት፤ በሁለት ጣት ልያዝ ካልክ ፈንጥራ ትጠፋለች።

መርፌ ቁልፍ ሁለት ይኑርህ፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ። ያቺ ልጅ ያደረገችው ትክክል ነው። ዚፕ ሲበላሽ፣ ቁልፍ ሲበጠስ፣ የሲም ካርዱ ማውጫ ሲጠፋ፣ ለሁሉም ይሆናል። ዋልተር ሃንት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ በ400 ዶላር ሸጦታል ይባላል። ምስኪን፣ ሌላ ሰው ከብሮበታል።

ቴፕ የግድ ነው። ጥቅልሉን አትያዝ፤ ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ላይ አንድ ሜትር ያህል ጠምጥም። ካርድ 85.6 በ54 ሚሊሜትር ስለሆነ ቆርቆሮህ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። እኔ የምጠቀመው ጋፈር ቴፕ ነው፤ ጨርቅ ነው፣ በእጅ ይቀደዳል፣ ሲነሳ ሙጫው ብዙም አይቀርም። የተቀደደ ኪስህንም ከውስጥ ለጥፍበት፣ ሰፊ ጋ እስክትደርስ ይይዛል።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ሱቅ ሄዶ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል፣ 1000 ሉመን፣ 2000 ሉመን (ሉመን የብርሃን መለኪያ ነው)። እኔ መድረክ ሥር 5 ሉመን ነው የማበራው። ቁልፍ ቀዳዳ ለማየት፣ ስም ለማንበብ 5 ይበቃል። 300 አጠገብህ ካለ ነጭ ግድግዳ ላይ ብታበራ ዓይንህን ያጭበረብረዋል፣ ከዚያ በኋላ ለደቂቃ ምንም አታይም። አንዲት ትሪፕል ኤ (AAA፣ ቀጭኗን) ድንጋይ የምትጎርስ፣ መጀመሪያ ስትጫናት በደካማው ብርሃን የምትነሳ ፈልግ። ኮፍያ ላይ የሚሰካ ክሊፕ ይኑራት። ክሊፕ የሌላትን በጥርሴ ነክሼ ስንት ዓመት ሠራሁ! ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ምራቅህ ይንጠባጠባል፣ እጅህ ኬብል ይዟል፣ የሆነ ሰው ከላይ "ጨረስክ?" ይልሃል። አፍህ ስለተያዘ መልስ የለህም።

ድንጋዩ አልካላይን ከሆነ በየጥቂት ወሩ ክፈተውና እየው። የሚያፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኬሚካል ነው፤ ነጭ ጨው መስሎ ሞላውን ይበላዋል። ጥጥ በኮምጣጤ ነክረህ ብታሸው ይለቃል። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ባትሪ የማይሞላውን ሊቲየም ድንጋይ ነው የምመርጠው። እሱ እምብዛም አያፈስም፣ ይቀላልም፤ አልካላይኑ 11 ግራም ገደማ ከሆነ ሊቲየሙ 8 አይሞላም። ትርፍ ድንጋዮቹን ደግሞ ከሳንቲምና ከመርፌ ጋር ለቀህ አታስቀምጥ። ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ ይግላል። ጫፉ ላይ ከቴፕህ ቁራጭ ለጥፍበት።

መንቃጨሉ ቀላል ነው። ከብስክሌት ከመነዳሪ (ከጎማው የውስጥ ላስቲክ) ላይ ቁራጭ ቆርጠህ ከታች አንጥፍ፣ ከላይ ደግሞ ቀለበት አድርገህ ክዳኑን እሰርበት። ቃጭልህ ዝም ይላል፣ ውሃም ቶሎ አይገባውም።

እና ቁጥሮቹ! ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍ። የሦስት ሰው ቁጥር ይበቃል። በሁለቱም ወገን ግልጽ ስኮች ለጥፍበት።


የሌሊት ተረኛ፦

ነርስ ነኝ፤ በሶፍት የተጠቀለሉትን ክኒኖች ሳነብ እጄ ራሱ ወደ ስልኬ ሮጠ። እባክህ ዛሬውኑ አውጣቸው። ስድስቱም ነጭና ክብ ናቸው አይደል? የትኛው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አንተ ብታውቅ እንኳ አንድ ቀን ራስህን ስተህ ብትመጣ እኔ አላውቅም።

ክኒን ከነማሸጊያው ነው የሚያዘው። በመቀስ ስትቆርጠው ስሙና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ያለበትን ጥግ አስቀር። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ አራት ፍሬ ለኪስ ይበቃል። ለጤነኛ አዋቂ የ24 ሰዓት ጣሪያው 4 ግራም ነው፣ ማለትም ስምንት ፍሬ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ብዙ ጊዜ ስላለ ሳታውቀው ትደርባለህ። ኪስ ደግሞ ሞቃት ነው፣ ገላህ ላይ ነው ያለው። መድኃኒት ሙቀት አይወድም። አስፕሪን ከፍተህ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተህ ተበላሽቷል፣ ጣለው። ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን የምትወስዱ ካላችሁ ከመጣበት ጠርሙስ እንዳታወጡት። እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ቦታ የለውም።

ፕላስተርም ያረጃል። ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በየስድስት ወሩ ቀይረው።

የስልክ ቁጥሩ ወረቀት ጀርባ ላይ የማይስማማህን መድኃኒት ጻፍ፣ ዘወትር የምትወስደው ካለ እሱንም። የደም ዓይነትህን በመጻፍ አትድከም፤ ወረቀትህን አምኖ ደም የሚሰጥህ የለም፣ እንደገና ይመረመራል።

ሌላው፣ ቆርቆሮውን የኋላ ኪስ አድርገህ አትቀመጥበት። መቀመጫ ውስጥ የሚያልፈውን ትልቁን ነርቭ ይጫናል። እግሬ ደነዘዘ ብለው የሚመጡ፣ ኪሳቸው ሲፈተሽ ጡብ የሚያክል ቦርሳ የሚገኝባቸው አሉ።


መንገደኛ፦

አውሮፕላን የምትሳፈር ከሆነ ሰንጢውን ከዋዜማው አውጣው። እኔ ከአባቴ የወረስኩትን ፍተሻ ላይ ሳጥን ውስጥ ጥዬ አልፌያለሁ። ፈታሹን አልወቅሰውም፣ ሥራው ነው። ሁለት ቆርቆሮ ነው ያለኝ አሁን፣ አንዱ ያለ ሰንጢ።

ፓወር ባንክ ግን ተቃራኒው ነው፤ በእጅ ሻንጣ እንጂ ከታች በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ወሰኑ 100 ዋት ሰዓት ነው። 5000 ሚሊአምፕ ሰዓት የሚለው በ3.7 ቮልት ሲባዛ 18.5 ዋት ሰዓት ስለሆነ አያሳስብም። ከሱሪ ኪስ ይልቅ ለቦርሳ ይሻላል። አንድ ጣት የምታክል አጭር ገመድ ብቻ ቆርቆሮው ውስጥ ብትኖር ደግሞ ማንም ጋ ቻርጅ ታደርጋለህ። ስልክህ ቢያልቅ እኮ የጠፋው ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ገመዱ ነው።


አጭር መልስ፦

እሺ፣ ገመዱን እቀበላለሁ። ቁልፍ፣ ስልክ፣ መሐረብ፣ ገመድ።


ኪሰ ቀዳዳው፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የኬብል ጠምጣሚን የሁለት ሳምንት ወረቀት ሞከርኩ። ምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ? አራት ጊዜ "እስክሪብቶ"፣ ሦስት ጊዜ "ሶፍት"፣ ሁለት ጊዜ "ገመድ (የስልክ)"። እሳት መጫሪያው ወደ ጓዳ ሄደ፣ መጋዙም እንደዚሁ። መንጠቆው ግን በቀላሉ አልሄደም፤ ሳወጣው አውራ ጣቴ ላይ ተሰክቶ ቆርቆሮዬ ውስጥ የነበረውን ብቸኛ ፕላስተር አስጨረሰኝ። እንግዲህ አንድ ቀን ሠራ ማለት ነው።

አሁን ያለው ትንሹ ሰንጢ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ የመነፅር ካቻቢቴ ከነብሎኑ፣ ካርድ ላይ የተጠመጠመ ቴፕ፣ የጣቴን ያህል እርሳስ፣ አጭር ገመድ፣ አራት ፓራሲታሞል ከነስማቸው፣ ሁለት አዲስ ፕላስተር፣ የቁጥሮቹ ወረቀት። ባትሪዋ ጭምር ገብታ 120 ግራም። ፊሽካዋን ግን መጣል አልቻልኩም፣ አትቆጡኝ። ትርፍ የቤት ቁልፍ ደግሞ ለወንድሜ ሰጠሁ፤ ይሄ ከሁሉም በፊት መምጣት ነበረበት፣ ማንም አልነገረኝም!

የባለቤቴን ቁጥርም በቃሌ ያዝኩ። ትናንት ልፈትነው ብዬ የሥራ ባልደረባዬን ስልክ ተውሼ ደወልኩላት። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም። ደገምኩ፣ ዘጋችው። ማታ ብጠይቃት "የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም" አለችኝ።


የሌሊት ተረኛ፦

መጀመሪያ መልእክት ጻፍላት። "እኔ ነኝ፣ አንሺ" በልና ከዚያ ደውል። እኛ ለታካሚ ቤተሰብ ስንደውል እንደዚያ ነው የምናደርገው።


ኬብል ጠምጣሚ፦

እሷም ብትሆን "እኔ ነኝ" የሚል ማንነቱ ያልታወቀ መልእክት አታምንም። ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት አንድ ቃል ተስማሙ። ወረቀቱ ላይ ግን እንዳትጽፈው።