ኮሚናሉ ለሮክ ባንዱ ይሰጥ?

ብሎክ 23፦
ጎረቤቶች፣ እሁድ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት እዚሁ ብንነጋገር ይሻላል። ስብሰባ ላይ የሚሰማው ድምፁ የጎላ ሰው ብቻ ነው። ነገሩን ለማያውቅ፦ የኛው የየካ አባዶ ልጆች አራት ሆነው ሮክ ይጫወታሉ። አምና ከእህቶቻቸው በቀር የሚሰማቸው አልነበረም። ዘፈናቸውን በቴሌግራም በነፃ መልቀቅ ከጀመሩ ወዲህ ግን ጥቁር ቲሸርት የለበሰ ወጣት ሁሉ ከመገናኛ በታክሲ እየመጣ ልምምዳቸውን ያያል። ኮንሰርት አይደለም፣ ልምምድ! አሁን የኮንዶሚኒየማችን የጋራ ቤት፣ ኮሚናሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይፈቀድልን ብለዋል። እኔ ይሰጣቸው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ብሎክ 19፣ 2ኛ ፎቅ፦
አልስማማም። የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ጠዋት ገብቼ ጋደም ስል ከበሮው ትራሴ ሥር ያለ ነው የሚመስለኝ። ልጆቹን አልጠላም፤ ትንሹ እንዲያውም ውሃ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን ተሸክሞልኛል። ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ነው።

ብሎክ 23፦
እህቴ፣ እውነትሽን ነው። የጠየቁት ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ነው።

ብሎክ 19፦
ወረቀቱ ላይ 10 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ላይ ግን «ሳውንድ ቼክ» ይጀመራል።

ብሎክ 40፦
ኳስ ሜዳ የለን፣ ቤተ መጻሕፍት የለን። ጫት ቤት ከሚውሉ ጊታር ቢይዙ አይሻልም?

ብሎክ 7፦
ይህቺን ነገር ተዉአት። ጫት ወይ ሮክ ብቻ ነው እንዴ ምርጫው? የኔ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ጫት አትቅም፣ ጊታር አትመታ። እሷስ የት ትግባ?

ብሎክ 12፦
እኔን የሚያሳስበኝ ከድምፁ ይልቅ ዓይነቱ ነው። ክራርና ማሲንቆ እያለልን የፈረንጅ ጩኸት ምን ያደርግልናል?

ብሎክ 31፦
የኔ ልጅ፣ ሳክስፎኑም እኮ የኛ አልነበረም። ልጅ ሆኜ ሸክላ ማሳተም በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እንደ ፈረንጆቹ በ1969 ያንን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ሕንድ አገር አሳትሞ ነው ያመጣው። እነዚህ ልጆች ኢንዲ የሚሉትም ይኸው ነው፤ የትልቅ አሳታሚ ደጅ ሳይጠኑ በራስ መውጣት። ደግሞ በኮሚናሉ በኩል ስታልፍ ጆሮህን ጣል አድርግ። ሁለተኛው ዘፈናቸው በኛው በአንቺሆዬ ቅኝት ነው። ጊታሩ ስለሚያጓራ ነው ያልለየኸው።

ብሎክ 12፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን አምሃ ሸክላውን ያጫወተው ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይደለም።

ብሎክ 31፦
እሱስ ልክ ነህ።

ብሎክ 28፦
ደጋፊ ነኝ፣ አልደብቅም፤ ቲሸርቱም አለኝ። አርክቲክ መንኪስ የሚባሉት የእንግሊዝ ሮከሮችም የከተማ ዳር ልጆች ናቸው፣ ሃይ ግሪን ከምትባል የሼፊልድ ጫፍ። መድረካቸው ላይ ዘፈናቸውን በሲዲ ገልብጠው በነፃ ያድሉ ነበር፤ ደጋፊው ኢንተርኔት ላይ ጫነው። አልበም ሳይኖራቸው ሰዉ ግጥማቸውን በቃሉ ይወጣው ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2006 የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ እዚያው እንግሊዝ በአንድ ሳምንት ከ360 ሺህ በላይ ተሸጠ። ያወጣላቸው ዶሚኖም ከግዙፎቹ ኩባንያዎች አንዱ አይደለም። እኛም አገር ጃኖ ባንድ እንደ ፈረንጆቹ በ2012 «ኤርታሌ» የሚለውን አልበም ሲያወጣ ሮክ በአማርኛ እንደሚሆን አሳይቷል። ጃኖ ግን እንደ ቢል ላስዌል ያለ ፕሮዲዩሰር ነበረው። የኛዎቹ ያላቸው ኮሚናል ብቻ ነው፣ እሱም ከተፈቀደ።

ብሎክ 7፦
ደጋፊ ስትል፣ ደረጃችን ላይ ግጥም በማርከር የጻፈው ማነው? ቀለሙ የተገዛው ከጋራ ወጪ ነው።

ብሎክ 28፦
አልክድም። የጻፍነውን እኛው እንቀባለን።

ብሎክ 5፦
የሰርግ ሳውንድ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሁላችሁም ስለ ሙዚቃው ታወራላችሁ፤ ችግሩ ቤቱ ነው። የአገሪቱ የድምፅ መመዘኛ ለመኖሪያ ሠፈር ቀን 55 ዴሲቤል፣ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ 45 ነው። ድራም ክፍል ውስጥ ሲመታ ከ100 ያልፋል። የኮሚናሉ ብሎኬት ውስጡ ባዶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ሥር ድመት ታልፋለች። ልጆቹ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈዋል አሉ። ያ የውስጡን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ የሚወጣውን አያስቀርም። ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ገጥሞ የሚዘጋ በር። ብር ከሌለ ቀላሉ ኤሌክትሪክ ድራም ነው። ሁሉም በሄድፎን ይሰማል፣ እህታችንም ትተኛለች። የማከራየው አለኝ። በቅናሽ።

ብሎክ 12፦
አይ ነጋዴ!

ብሎክ 28፦
ደጋፊውስ በሄድፎን ነው የሚሰማው?

ብሎክ 19፦
ደጋፊው እዚያው መገናኛ ይጠብቅ።

ብሎክ 23፦
አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ኮሚናሉ በሰርግ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ዴሲቤል የቆጠረ የለም። መመዘኛው የታወሰን ልጆቹ ሲጠይቁ ነው። ኮሚናሉ የነሱ ቤተሰብም ገንዘብ ያዋጣበት ነው። የመኝታ ሰዓትሽን ተነጋግረን በወረቀት እናስርላቸው፤ ከጣሱ ቁልፉን እኔ ራሴ እቀበላቸዋለሁ።

ብሎክ 19፦
ሰርግ በዓመት ስንቴ ነው? ይሄ እኮ በሳምንት ሦስቴ ነው።

ብሎክ 23፦
ጥርና ሚያዝያን ልቁጠርልሽ?

ብሎክ 14፦
ክርክራችሁን ላቋርጥና፣ ቅዳሜ ኮሚናሉ ለአባቴ ሙት ዓመት ተይዟል። ድራሙ አሁንም መሐል ቤቱ ተገትሯል። ማነው የሚያነሳው?

ብሎክ 40፣ 4ኛ ፎቅ፦
እትዬ፣ የኔ ነው። ዓርብ ማታ ሁሉንም ዕቃ አውጥተን ቤቱን እንጠርግሎታለን።

ብሎክ 14፦
ተባረክ ልጄ። ስፒከሩን ግን እንዳታወጡት፤ ለቄሱ ማይክ ያስፈልገናል።