ጥቁር ውሻዬ ፎቶ ላይ አልታይ አለች፣ ምን ላድርግ?

የቡቺ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡቺ የምትባል ጥቁር ውሻ አለችኝ። ያመጣቻት እህቴ ናት፣ አሁን ሪያድ ለሥራ ሄዳለች፣ በደወለች ቁጥር "ፎቶዋን ላኪልኝ" ነው የምትለኝ። ማታ ከሥራ ስገባ ሳሎን ውስጥ በፍላሽ አነሳታለሁ፣ የሚወጣው ግን ጥቁር ነገርና ሁለት አረንጓዴ መብራት ነው። ቀን ግቢ ውስጥ ስሞክር ደግሞ ከኋላዋ ያለው ነጭ ግድግዳ ቦግ ይልና ፊቷ ይጠፋል። ካሜራ የመግዛት አቅም የለኝም፣ በስልክ የሚሆን ዘዴ ካላችሁ እባካችሁ።

ፎቶ ወዳጅ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ፍላሹን አጥፊው። የውሻም የድመትም ዓይን ከጀርባው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፣ ማታ እንዲያዩ የሚያግዛቸው እሱ ነው፣ አረንጓዴውም የሚመጣው ከሱ ነው። የግድግዳው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፦ ስልኩ ነጩን ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፣ ቡቺም አብራ ትጨልማለች። ፊቷ ላይ ስክሪኑን ነካ አድርጊ። ብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች፣ ፀጉሯ እስኪለይ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ሳቢያት። ቡቺ ራሷ ስክሪኑን ከሞላችው ግን ተቃራኒው ነው፣ ስልኩ ያበራባትና ግራጫ ትሆናለች፣ ያኔ ወደ ታች።

ቦታ ካልሽኝ ከበር የሚሻል የለም። እሷ ከደፉ ወደ ውስጥ ትቀመጥ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ፣ አንቺ ደጅ ሆነሽ አንሻት። ዓይኗ ውስጥ የሰማዩ ብርሃን ነጥብ ሆኖ ይገባል። ጥቁር እንስሳን ሕይወት የሚሰጠው እሱ ነው! ግቢ ከሆነ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ ዓይኗን ያጠላበታል።

የውሮ ቤት፦
በተባለው ላይ ልጨምር። ቆመሽ ከላይ አታንሻት፣ መሬት ቁጭ በይና ስልኩን ከዓይኗ እኩል አድርጊው። በጣም አትጠጊያት፣ አፍንጫዋ ይገንናል፣ ራቅ ብለሽ ዙሙን (ማቅረቢያውን) 2x አድርጊው። ሌንሱንም በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፣ ቦርሳ ውስጥ የዋለ ስልክ ሁሌ ቅባት አለው። እንድታይሽ ከፈለግሽ የዳቦ ፌስታል ኮሽ አድርጊ፣ ጆሮዋ ቀጥ ሲል በላይ በላዩ አንሺ።

ፎቶ ወዳጅ፦
ፌስታሉ ይሠራል፣ ግን ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ አይደለም። ዳቦ ካልመጣ ትሰለቻለች፣ ስለዚህ በየመሃሉ ቁራሽ ስጫት። እኔ እስክትረሳኝ ዝም ብዬ መቀመጡን ነው የምመርጠው።

የቡቺ እናት፦
ተባረኩ! ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ወደ 40 አነሳሁ፣ 3ቱ በጣም ቆንጆ ናቸው። ጆሮዋ ሥር ቡናማ ፀጉር እንዳላት ገና ዛሬ አየሁ። ለእህቴ ስልክላት ወዲያው ደወለች፣ "የአንገቷን ማሰሪያ ቀየርሽው እንዴ?" አለችኝ። ከተቀየረ 4 ወር ሆኖታል።